የሐይቅ ዙፕላንክተንና የውኃ ጥራት ናሙና አወሳሰድ፦ ከጀልባ እስከ ማይክሮስኮፕ

«ዙፕላንክተኑን ቆጥሬ ጨርሻለሁ፤ አሁን ከውኃ ጥራቱ ጋር እንዴት ላገናኘው?» ይህ ጥያቄ ከተመራቂ ተማሪዎች በየጊዜው ይደርሰኛል። (ዙፕላንክተን ማለት ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳት ናቸው።) እኔም መልሼ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ መረባችሁ ስንት ሊትር ውኃ አጣራ? አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል። የተጣራው ውኃ መጠን ካልታወቀ ቁጥሩ «ብዙ አየሁ» ከማለት አይለይም። ኦክስጅኑ ጠዋት ተለክቶ መረቡ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ ላይ ተጥሎ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን የሚያገናኝ ስታቲስቲክስ የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንጀምር።

ምሳሌዬ የሐዋሳ ሐይቅ ነው። ጥልቅ የሚባለው ቦታ 20 ሜትር ገደማ ስለሚሆን መረብ ቁልቁል ለመጣል ይመቻል። ዝዋይ፣ አቢጃታ ወይም ውጭ አገር ላጉን (ከባሕር ጋር የሚገናኝ የዳርቻ ሐይቅ) ላይ ለምትሠሩ የሚቀየረውን ከታች ለብቻው አስቀምጬዋለሁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ጀልባ ከነነጂው፣ መልሕቅ (በገመድ የታሰረ ድንጋይም ይሆናል)፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት
- ሴኪ ዲስክ፦ የውኃውን ጥራት (ምን ያህል ወደ ታች እንደሚያሳይ) የምንለካበት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሳህን፤ ገመዱ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ያለው
- ሙቀት፣ የሟሟ ኦክስጅን፣ ፒኤችና ኮንዳክቲቪቲ (ውኃው ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ) የሚለካ መሣሪያ፤ ገመዱ ቢያንስ 20 ሜትር
- የፒኤች 7 እና 10 ባፈር (መሣሪያ የሚስተካከልበት፣ ፒኤቹ የታወቀ ፈሳሽ)
- ከፈለጋችሁት ጥልቀት ውኃ ቀድቶ የሚዘጋ የውኃ መቅጃ (ቫን ዶርን ወይም ሩትነር)
- የፕላንክተን መረብ፦ አፉ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ቀዳዳው ከ60 እስከ 65 ማይክሮ ሜትር፣ ርዝመቱ ከአፉ ስፋት ቢያንስ ሦስት እጥፍ
- 100 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሰፊ አፍ ያላቸው የላቦራቶሪ ጠርሙሶች፣ እርሳስ፣ ወፍራም ወረቀት
- ፎርማሊን (ናሙናው እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ኬሚካል)፣ ቦራክስ፣ ስኳር፣ አምቦ ውኃ (አዎ፣ የምንጠጣው)
- ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ቦት ጫማ
- በረዶ ያለበት ማቀዝቀዣ ሳጥን፣ የመስታወት ፋይበር ማጣሪያ ወረቀት፣ ፎይል
- 1 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የመቁጠሪያ ስላይድ (ሴጅዊክ ራፍተር) እና ማይክሮስኮፕ

መረብ መግዛት ካልቻላችሁ የስክሪን ፕሪንት ሥራ ያላቸው ሰዎች የሚጠቀሙበትን የናይሎን ወይም የፖሊስተር ጨርቅ ጠይቁ። በአንድ ሴንቲ ሜትር 90 ክር ያለው ጨርቅ እንደ ክሩ ውፍረት ከ60 እስከ 70 ማይክሮ ሜትር ቀዳዳ ይኖረዋል። ሻጩ የነገራችሁን አትመኑ፤ ቁራጭ ቆርጣችሁ በማይክሮስኮፕ ለኩት። ከዚያ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳችሁ እንደ ሾጣጣ ከረጢት ታሰፉታላችሁ። አፉ ላይ የብረት ቀለበት፣ ታቹ ላይ የሚፈታ ትንሽ ጠርሙስ። አለቀ።

ከመውጣታችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ማዕበሉም ለትንሽ ጀልባ አደገኛ ይሆናል። ጠዋት ወጥታችሁ ከቀትር በፊት ተመለሱ። ሐዋሳና ዝዋይ ላይ ጉማሬ አለ፣ ጫሞ ላይ አዞም ይጨመራል፤ ደንገልና ሣር ወዳለበት ዳርቻ ስትጠጉ ነጂው የሚላችሁን ስሙ። ዳር ላይ በባዶ እግር ውኃ ውስጥ አትግቡ፣ ቢልሃርዚያ አለ።

ፎርማሊን ካንሰር ያስከትላል፣ ዓይንና ሳንባንም ያቃጥላል። በጓንት፣ በመነጽር፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ብቻ ክፈቱት። ደግሞ በፍጹም፣ በፍጹም በሃይላንድ ጠርሙስ አትያዙት። ጀልባ ላይ የተጠማ ሰው አይጠፋም፣ ፎርማሊንም ሲያዩት ውኃ ነው የሚመስለው።

አሠራሩ

1. ቦታ ምረጡ።

ቢያንስ ሦስት ቦታ ያዙ፦ አንዱ ወንዝ የሚገባበት (ሐዋሳ ላይ ጥቁር ውኃ ወንዝ የሚገባበት በኩል)፣ አንዱ ከከተማው ዳርቻ ፊት ለፊት፣ አንዱ ከዳር የራቀ ጥልቁ መሐል። ሦስቱም የተለያየ ታሪክ ነው የሚነግሯችሁ። ወንዙ አፈርና ማዳበሪያ ያመጣል፣ የከተማው ዳርቻ ፍሳሽ ይቀበላል፣ መሐሉ ደግሞ ማነጻጸሪያችሁ ነው። እያንዳንዱን ቦታ በስልካችሁ ጂፒኤስ መዝግቡ። «ከሆቴሉ ፊት ለፊት» የሚል ማስታወሻ በሚቀጥለው ወር ወደዚያው ቦታ አይመልሳችሁም። ሣር ውስጥ ናሙና ከወሰዳችሁ ከክፍት ውኃው ጋር አትቀላቅሉት፤ እዚያ የሚኖሩት እንስሳት ሌሎች ናቸው።

2. መሣሪያውን ካሊብሬት አድርጉ።

ፒኤቹን በ7 እና በ10 ባፈር አስተካክሉ። ብዙ ላቦራቶሪ የለመደው 4 እና 7 ነው፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ግን አልካላይን ናቸው፣ ሐዋሳ ወደ 9 ይጠጋል። በ4 እና በ7 ካስተካከላችሁ የምታነቡት ቁጥር ካስተካከላችሁት ክልል ውጪ ይወድቃል።

ኦክስጅኑ ላይ ከፍታውን አትርሱ። ሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የ25 ዲግሪ ውኃ ባሕር ጠለል ላይ ሲሞላ 8.3 ሚሊ ግራም በሊትር ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ሐዋሳ ላይ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ሙሉ ማለት 6.7 አካባቢ ነው። ከባሕር ዳርቻ ጥናት ላይ ሠንጠረዥ አንስቶ «ሐይቁ ኦክስጅን አንሶታል» ብሎ የሚጽፍ ሰው አሁንም አለ። ሐይቁ ምንም አልሆነም። መሣሪያው የአየር ግፊት ራሱ የማያነብ ከሆነ ከፍታውን በእጃችሁ አስገቡለት።

3. ሰዓቱን ቁረጡና አትቀይሩ።

ብዙ ዙፕላንክተን ቀን ቀን ወደ ታች ይወርዳል፣ ሲመሽ ወደ ላይ ይወጣል። ዓሣ እንዳያያቸው ነው። አንዱን ቦታ ጠዋት፣ ሌላውን ቀትር ላይ ካያችሁት የምታገኙት ልዩነት የቦታ ይሁን የሰዓት አይታወቅም። ቦታዎቹን ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል፣ በተመሳሳይ ሰዓት አዳርሱ።

ደብተር ላይ ስትጽፉ ደግሞ ተጠንቀቁ። መሣሪያው 9:00 ብሎ የሚመዘግበውን እናንተ «3 ሰዓት» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ኮምፒውተር ላይ ሲገባ የስድስት ሰዓት ክፍተት ይፈጠራል። ቀኑም እንዲሁ ነው። አንዱን አቆጣጠር ምረጡና የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የትኛው እንደሆነ ጻፉ።

4. ሴኪ ዲስክ አውርዱ።

በጀልባው ጥላ በኩል፣ የፀሐይ መነጽር አውልቃችሁ። ዲስኩ የጠፋበትን ጥልቀት መዝግቡ፣ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ መልሳችሁ ስትስቡት የታየበትንም መዝግቡ፣ አማካዩን ውሰዱ። አንድ ሰው ብቻ ያንብብ፣ ዓይን ከዓይን ይለያል። ይህን ከሌላው ሁሉ አስቀድሙት፤ መልሕቅና መረብ ውኃውን ካደፈረሱት በኋላ የምታነቡት የራሳችሁን ድፍርስ ነው።

5. ከላይ እስከ ታች ለኩ።

መሣሪያውን በየ1 ሜትሩ አውርዱ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ፣ ጻፉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰለቻል፤ ላዩንና ታቹን ብቻ ለክቶ ይሄዳል። «ልዩነቱ ግማሽ ዲግሪ ነው፣ ምን ዋጋ አለው?» ይላሉ። ዋጋ አለው። ውኃ በሞቀ ቁጥር እያንዳንዱ ዲግሪ ክብደቱን ይበልጥ ይለውጠዋል፦ ከ24 ወደ 25 ዲግሪ ሲሄድ የሚመጣው የእፍግታ ለውጥ ከ4 ወደ 5 ሲሄድ ከሚመጣው 30 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ በአውሮፓ ሐይቅ ላይ ከቁም ነገር የማይገባ የሙቀት ልዩነት እኛ ጋ ሐይቁን በሁለት ንብርብር ለመክፈል ይበቃል። ታችኛው ንብርብር ኦክስጅን ካለቀበት ዙፕላንክተኑ እዚያ አይቆይም። የእንስሳቱ ቁጥር በጥልቀት ለምን እንደሚለያይ የሚያስረዳችሁ ይህ በየሜትሩ የለካችሁት ነው።

6. ውኃ ቅዱ።

ከግማሽ ሜትር፣ ከመሐል እና ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ ብሎ። ለናይትሬትና ለፎስፌት የሚሆኑት ጠርሙሶች በልብስ ሳሙና ዱቄት መታጠብ የለባቸውም፤ ሳሙናው ፎስፌት ሊኖረው ይችላል፣ ከሐይቁ ይልቅ ሳሙናውን ትለካላችሁ። በ10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ታጥበው በዲስትልድ ውኃ ይለቅለቁ። ቦታው ላይ ደግሞ በራሱ በሐይቁ ውኃ ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ ሙሉ። ወዲያው በረዶ ሳጥን ውስጥ አስገቡ፤ ሙቀት ላይ ከቆየ በውስጡ ያሉት አልጌዎችና ባክቴሪያዎች ንጥረ ነገሩን ይበሉታል።

7. መረቡን ጣሉ።

ዋናው ሥራ ይህ ነው። መጀመሪያ የቦታውን ጥልቀት ለኩ። መረቡ ወለሉን መንካት የለበትም፤ ከነካ ጭቃ ይዞ ይመጣል፣ ናሙናው አይቆጠርም። ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ ብሎ እስኪቆም አውርዱት፣ ቀጥ ብሎ መንጠልጠሉን እዩ። ጀልባው በነፋስ ከተገፋ ገመዱ ያዘነብላል፤ ያኔ 10 ሜትር ያላችሁት ገመድ 10 ሜትር ጥልቀት አይደለም። መልሕቅ የምትጥሉት ለዚህ ነው። ከዚያ ሳትቆሙና ሳትጣደፉ፣ በሁለት ሴኮንድ 1 ሜትር ያህል እየሳባችሁ አውጡት። ስትዘገዩ ፈጣኖቹ ኮፔፖዶች (የሸርጣን ዘመድ የሆኑ ጥቃቅን እንስሳት) ያመልጣሉ፤ ስትሮጡ ደግሞ መረቡ ውኃውን ከማሳለፍ ይልቅ ይገፋዋል።

የተጣራው ውኃ ስሌት ይኸውላችሁ። አፉ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ራዲየሱ 0.15 ሜትር ነው። 3.14 × 0.15 × 0.15 = 0.0707 ካሬ ሜትር። የሳባችሁት 10 ሜትር ከሆነ በ10 ሲባዛ 0.707 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 707 ሊትር። ይህን ቁጥር እዚያው ጀልባው ላይ ጻፉት።

ውኃው አረንጓዴ በሆነበት ወቅት መረቡ ይደፈናል። ከወጣ በኋላ ውኃው ቶሎ ካልፈሰሰ ተደፍኗል ማለት ነው፣ 707 ሊትሩም ውሸት ሆኗል። አጠር ያለ ጥልቀት ላይ ደግማችሁ ጣሉ፣ ወይም አፉ ላይ የፍሰት መለኪያ እሰሩ።

መረቡን ስታጥቡ ከውጭ ብቻ ውኃ ርጩ። ከውስጥ ካፈሰሳችሁ ከላይኛው ውኃ አዲስ እንስሳት ትጨምራላችሁ። በአንድ ቦታ ሦስት ጊዜ ጣሉ፣ ሦስቱንም በየራሳቸው ጠርሙስ አድርጉ። ዙፕላንክተን በመንጋ ስለሚሄድ አንድ ጣል ዕድል ነው፤ ሦስቱን አንድ ላይ ብትቀላቅሉ ደግሞ ልዩነቱን የምታሰሉበት ነገር አይቀርም።

8. ወዲያው አቆዩት።

ቀጥታ ፎርማሊን ካፈሰሳችሁበት ሮቲፈሮች (ከዙፕላንክተኑ ትንንሾቹ) ተጨማድደው ማንነታቸው የማይለይ ኳስ ይሆናሉ፣ ክላዶሴራዎቹ (የውኃ ቁንጫ የሚባሉት) እንቁላላቸውን ይጥላሉ። አምቦ ውኃው የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ጋዙ ያደነዝዛቸዋል። ናሙናውን ጠርሙሱ ውስጥ ከገለበጣችሁ በኋላ ከሲሶ ያላነሰ አምቦ ጨምሩበት፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ጠቅላላው 90 ሚሊ ሊትር እንዲሆን አድርጉ። ከዚያ አሲድነቱ በቦራክስ የተስተካከለ ፎርማሊን 10 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርም ጣል አድርጉበት፤ የክላዶሴራ ቅርፊት እንዳይነፋና እንቁላሉ እንዳይፈስ ያግዛል።

መጠኑ ላይ ግራ የሚጋባ ብዙ ነው። ከመደብር የሚገዛው ፎርማሊን በውስጡ ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዴሃይድ አለው። አንድ እጅ ፎርማሊን ለዘጠኝ እጅ ናሙና ሲሆን ወደ 4 በመቶ ፎርማልዴሃይድ ይሰጣል። ዲኤንኤ ልትሠሩ ካሰባችሁ ፎርማሊኑን ተዉት፣ በ95 በመቶ ኤታኖል አድርጉ።

መለያውን በእርሳስ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ጠርሙሱ ውስጥ ክተቱ፣ ከውጭም ሌላ ለጥፉ። እስክሪብቶና ማርከር ኤታኖል ሲነካቸው ይጠፋሉ። ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ጥልቀት፣ የጣሉ ተራ ቁጥር፣ የተጣራው ሊትር።

9. ዳር ስትወጡ ክሎሮፊሉን አጣሩ።

ወረቀቱ ቀለም እስኪይዝ ድረስ የለካችሁትን ውኃ አሳልፉ፣ መጠኑን ጻፉ፣ ወረቀቱን አጥፋችሁ በፎይል ጠቅልሉት፣ አቀዝቅዙት። ብርሃን ክሎሮፊልን ያበላሸዋል። የዙፕላንክተኑ ምግብ ይህ አልጌ ስለሆነ ያለ ክሎሮፊል መረጃ የእንስሳቱን መብዛትና ማነስ ማስረዳት ይከብዳችኋል።

10. ቁጠሩ።

ጠርሙሱን በቀስታ ገለባብጡ እንጂ አትናጡት። 1 ሚሊ ሊትር ስትወስዱ የፒፔቱን ጫፍ ቆርጣችሁ አስፉት፤ በጠባብ ጫፍ ትልልቆቹ አይገቡም። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ውሰዱ።

የምታዩት በሦስት ይከፈላል። ኮፔፖዶች፦ ሐዋሳ ላይ በብዛት የምታገኟቸው ሜሶሳይክሎፕስና ቴርሞሳይክሎፕስ ሁለቱም አንቴናቸው አጭር ነው፤ ገና ያልጎለመሱትን ናውፕሊየሶች ለብቻቸው ቁጠሩ። ክላዶሴራዎች፦ ዲያፋኖሶማ፣ ሞይና፣ ሴሪዮዳፍኒያ የመሳሰሉት። ሮቲፈሮች፦ ብራኪዮነስ፣ ኬራቴላ፣ ፊሊኒያ። ትንንሾቹ ሮቲፈሮች በ64 ማይክሮ ሜትር መረብ ያልፋሉ፤ ጥናታችሁ ስለ እነሱ ከሆነ በውኃ መቅጃው የቀዳችሁትን ሳታጣሩ በሉጎል (የአዮዲን ፈሳሽ) አቆይታችሁ አዝቅጡት።

ስንት መቁጠር ይበቃል? በጠቅላላ 25 ብቻ ከቆጠራችሁ ስህተቱ ወደ 40 በመቶ ይደርሳል፣ 100 ከሆነ 20 በመቶ፣ 400 ከሆነ 10 በመቶ። ዋና ለምትሏቸው ዝርያዎች ከ100 አትውረዱ።

11. ወደ ሊትር መልሱት።

ሦስቱ 1 ሚሊ ሊትሮች 40፣ 45 እና 41 እንስሳት ሰጡ እንበል። አማካዩ 42 ነው። ጠርሙሱ 100 ሚሊ ሊትር ስለሆነ በሙሉው 4,200 አለ። ለ707 ሊትር ሲካፈል 5.9 በሊትር። ከኦክስጅን፣ ከሴኪና ከክሎሮፊል ጋር የምታስተያዩት ይህንን ነው።

ሐይቁ ሌላ ከሆነ

ዝዋይ ጥልቀት የለውም፣ በአማካይ 2.5 ሜትር ገደማ ነው፤ ነፋስ ደለሉን ስለሚያነሳው ውኃው ድፍርስ ነው። መረብ ቁልቁል ብትጥሉ ሁለት ሜትር እንኳ ሳይሳብ በደለል ይደፈናል። እዚያ ላይ በውኃ መቅጃው ከየጥልቀቱ እየቀዳችሁ ልክ ባለው ባልዲ ሰብስቡ፣ ከ20 እስከ 50 ሊትር የሚሆነውን በመረቡ ውስጥ አፍስሱ። እንዲያውም የተጣራው መጠን በትክክል የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

አቢጃታ ላይ ፒኤቹ 10 አካባቢ ነው፣ ኮንዳክቲቪቲውም ብዙ ርካሽ መሣሪያዎች ከሚያነቡት ያልፋል። ከመሄዳችሁ በፊት የመሣሪያውን ከፍተኛ ወሰን እዩ። ለባሕር ውኃ የተሠራ ሪፍራክቶሜትር (ጨውን በብርሃን መታጠፍ የሚለካ መሣሪያ) እዚያ አያገለግልም፤ ጨዉ በአብዛኛው ሶዳ ስለሆነ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል።

ውጭ አገር ሆናችሁ ላጉን ላይ የምትሠሩ፣ ለምሳሌ አይቮሪ ኮስት፣ አቢጃን ያለው ኤብሪዬ ላይ፣ ሁለት ነገር ጨምሩ። ሳሊኒቲውን (የጨው መጠኑን) በየጥልቀቱ ለኩ፤ ባሕሩ ከታች፣ የወንዙ ውኃ ከላይ ሊሆን ይችላል፣ በዝናብ ወቅት ደግሞ ጨዉ በጣም ይወርዳል፣ እንስሳቱም አብረው ይለወጣሉ። የባሕሩን መውጣትና መውረድ ሰዓትም መዝግቡ፤ በአንድ ቦታ ጠዋትና ማታ ሁለት የተለያየ ውኃ ልታገኙ ትችላላችሁ። ሌላው አሠራር ያው ነው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- ሪፖርቱ ላይ «4 በመቶ» ብቻ ተጽፎ የፎርማሊን ይሁን የፎርማልዴሃይድ አለመታወቁ። የትኛው እንደሆነ ጻፉ።
- የቀዳዳቸው ስፋት ተመሳሳይ ያልሆነ መረቦች የሰጡትን ቁጥር ማወዳደር። የ150 ማይክሮ ሜትር መረብ ሮቲፈሮቹንና ናውፕሊየሶቹን አብዛኛውን ያሳልፋል፤ «ሐይቁ ተለውጧል» ከማለታችሁ በፊት የቀድሞው ሰው በምን እንዳጠለለ አረጋግጡ።
- በወር አንድ ጊዜ ሄዶ የዛሬውን እንስሳ ከዛሬው ውኃ ጋር ብቻ ማገናኘት። በሐይቆቻችን ሙቀት ሮቲፈር በቀናት፣ ኮፔፖድ በሳምንታት ውስጥ ትውልድ ይተካል። ዛሬ የምታዩት ቁጥር ያለፉት ቀናት ውጤት ነው። ከተቻለ በየሁለት ሳምንቱ ውጡ፣ የናይትሬቱንና የክሎሮፊሉን ያለፈ ዙር ቁጥርም አስገቡ።
- ብራኪዮነስ በዝቷልና ውኃው ተበክሏል ብሎ መደምደም። ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፣ ከክሎሮፊልና ከፎስፌት ጋር ሲገጥም ነው የሚያስኬደው።
- ትልልቅ ዙፕላንክተን ስለጠፋ ጥፋቱን ሁሉ በውኃ ጥራቱ ላይ መጣል። ትልልቆቹን የሚለቅመው ዓሣ ሊሆን ይችላል። ወቅቱ ጫጩት ዓሣ የበዛበት መሆኑን እዚያው የሚያጠምዱትን ሰዎች ጠይቁና ደብተራችሁ ላይ አስፍሩት።